የወረቀት ያህል

አባቴ ቀን ቀን አራዳ በረንዳ ላይ ሲንጀር ይጠግናል፤
ማታ ግን አባጃሌ፣ ከቤታችን ጓዳ፣ ሌላ ብረት ያርማል።
«የመርፌ ዓይን ያቃና ጣት የጠመንጃ ዓይን ቢያቃና ምን ይገርማል?»
ይላል። እናቴን ግን የሁለቱ ዘይት በአንድ ጨርቅ ሲጠረግ ያማታል።

ባትሪ ያዥ እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል።
እጄ ከደከመው ብርሃኑ ይወርዳል፤
«ቀና አርገው» ይለኛል፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ነሐሴ ላይ መጣች፣ ማንጠግቦሽ የሚሏት፣ የሩቅ ሰው፣ ከሳንጃ፤
እንደ ታመመ ልጅ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ አዝላለች ጠመንጃ።
ባሏ የተወላት ኤስኬስ ነው።

«ይስታል» አለችው፣ ጭቃዋን ሳትጠርግ፣ ገና ሳትቀመጥ፤
«እኔ ቀና ሳይ እሱ ነው ወደ ግራ፣ ወደ ግራ የሚያፈነግጥ።
ማሽላዬ ውስጥ ከርከሮ ገባ ብዬ በምሽት ተኩሼ፣
የጎረቤት በቅሎ ገድዬ ተገኘሁ፤ ካሳውን በሽማግሌ ከፍዬ ጨርሼ
እዚህ ደረስኩ እንግዲህ። የማየው ላይ ይምታ።»
አባቴ መልስ የለው። ጎንበስ ብሎ ፈታ።

አፈሙዙን አየ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉድጓድ እንደሚያይ ሰው፤
ማነጣጠሪያውን ነካ፤ ቃታውን ስቦ ለቀቀ፣ አዳመጠው።
«ብረቱ ጤነኛ ነው» አለ። «የሚዋሸው ሌላ ነው፤
እንጨቱ ክረምት ጠጥቶ፣ አብጦ፣ አፈሙዙን አንቆታል፤
የታነቀ ብረት በየት ቀንቶ ይተፋል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ደብተርህን አምጣ።»
የክፍልፋይ የቤት ሥራዬ፣ ገና ያልታረመው፣ ከመሃል ተገንጥሎ ወጣ።
በእንጨቱና በብረቱ መሃል ሊያሳልፈው ሞከረ፤
ወረቀቱ ግማሽ መንገድ ሄደና ተቀርቅሮ ቀረ።

በጥላሸት ቀብቶ፣ ገጥሞ ሲያወጣው፣ የሚነካካው ጠቁሯል፤
በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል፣ እፍ ይላል፣ ደግሞ ይገጥማል።
ቆርቆሮው ላይ ዝናም፤ ጉልበቱ ላይ ብናኝ፤ እጄ ላይ ድካም።
እናቴ ደረቅ ቀሚስ ሰጠቻት፤ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ አልለበሰችም።
ከመደቡ ላይ፣ በጠመንጃው ፈንታ ባዶ ጋቢ ታቅፋ፣
ታያለች።

እኩለ ሌሊት ላይ ወረቀቱ አለፈ፣
ኬላ እንደሌለበት መንገደኛ። አባቴም ግድግዳ ተደገፈ።

ማክሰኞ፣ ሲያባራ፣ አንገረብ ወረድን፤ ከወንዙ ማዶ ላይ
የቲማቲም ጣሳ አስቀመጥን። ተኮሰች። አንድ። ዝም። ሁለት። ሦስት። ሄደን ስናይ
ሦስቱም ጎን ለጎን ነው፤ በአውራ ጣት ይሸፈናል።
እሰይ ልል ስል አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አሁንስ አይስትም?»
«አይስትም» አለ አባቴ። «የእስካሁኑ የእንጨቱ፤
ከዛሬ ወዲያ ግን ያንቺ ነው፣ መሳቱም፣ መምታቱ።»

ቆየች። አንገረብ ደፍርሶ ይወርዳል። ቆየችና፣
«ወደ ነበረበት ይመለሳል?» አለች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና።
«ያን ምሽት ማሽላው ውስጥ ከርከሮ አልነበረም።
በቅሎዋ ላይ ሰው ነበር።»
ሌላ አልጨመረችም።

አባቴ ከጥፍሩ ሥር የእንጨቱን ብናኝ በስንጥር ያወጣል።
«የተፋቀ እንጨት» አለ ቆይቶ፣ «መልሶ የት ይበቅላል?»

ከፈለች፤ ሄደች በአዘዞ በኩል፣ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍታ፤
እሱም ብሩን ሳይቆጥር ከሲንጀሩ መሳቢያ ከተተው። የዚያን ማታ
ባትሪ ያዝ አላለኝም።
ከዚያ ወዲያ ሰማን የምንለው የለም፤
ከሳንጃ የሚመጣ ሹፌር ሲገጥመው ግን ይጠይቃል ስለ ዝናም፣
ስለ ማሽላ፣ ስለ ከርከሮ። ስለ ሰው አይጠይቅም።

እኔ ወረቀቱን መልሼ ከደብተሬ ለጠፍኩት፤
መምህር ጥጋቡ አየና፣ «ምንድን ነው ይሄ ጥላሸት?»
ምን ልበል? «መለኪያ ነው» አልኩ። «የምን?» «የክፍተት።»
ሁለት ማርክ ቀነሰብኝ፣ በቀይ፣ ለቆሻሻነት።